በእጃችን የያዝነው ስልክና የቤታችን አማና



ከዒሻእ ሶላት በኋላ በመስጂዶቻችን ደጃፍ የሚወራውን ለጥቂት ቀናት ያዳመጠ ሰው፣ ስለ ሞባይልና ስለ ኢንተርኔት ያለንን አመለካከት በሚገባ ሊረዳ ይችላል። አንዱ አባት «ይህ ነገር ልጆቻችንን ነጠቀን» ይላል፤ ይህን የሚናገረው ግን ዱባይ ካለች ልጁ ጋር በቦቲም ተነጋግሮ ስልኩን ወደ ኪሱ ከመለሰ በኋላ ነው። ወጣቱ ደግሞ «አሁን ሁሉንም ነገር ኤአይ ያውቀዋል፤ መጠየቅ ብቻ ነው» ይላል። በዕድሜ ጠና ያሉት «እኔ ምን የሚደበቅ ነገር አለኝና ነው? የኔን ስልክ ማን ይፈልገዋል?» ብለው ይስቃሉ። እኛን ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበን ይህ የመጨረሻው አባባል ነው።

አዲስ ነገርን በጥርጣሬ መመልከት በኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። ቡና በየመን በኩል ወደ መካ በገባ ጊዜ፣ በ1511 እ.ኤ.አ. የከተማይቱ ሹም የነበረው ኻኢር በግ መጠጡ እንዲከለከል አድርጎ ነበር። እገዳው ብዙ ሳይቆይ ላላ፤ ዛሬ በወሎ ያለ ቡና የሚካሄድ ዱዓ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ነገሩን በጅምላ ማውገዝ እንደማያዋጣ ታሪክ ያሳያል። ሳያውቁ መቀበልም የራሱ ጣጣ አለው።

«የሚደበቅ ነገር የለኝም» የሚል ሰው፣ ሌባ የሚፈልገው ምስጢሩን ይመስለዋል። ሌባው የሚፈልገው ግን ስሙን ነው። አንዱን የታወቀ ዘዴ በዝርዝር እንመልከት። ሌባው በራሱ ስልክ ላይ ዋትስአፕን ይጭንና የእናንተን ቁጥር ያስገባል። ዋትስአፕም የቁጥሩን ባለቤት ለማረጋገጥ 6 አሃዝ ያለው ኮድ በአጭር መልእክት ይልካል፤ ኮዱ የሚደርሰው ወደ እናንተ ስልክ ነው። በዚያው ቅጽበት አንድ ሰው ይደውልና «ሐጃ፣ የቁርኣን ሐለቃ ግሩፕ እየከፈትን ነው፤ እርስዎን ለማስገባት አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን» ይላል። ቁጥሩ ከተነገረው አለቀ። ዋትስአፑ ከባለቤቱ ስልክ ይዘጋና እሱ እጅ ላይ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ለወንድም፣ ለአክስት፣ ሪያድ ላለችው ልጅ «አስቸኳይ ነገር ገጥሞኛል፤ ጥቂት ገንዘብ ላኪልኝ፤ ማንም እንዳይሰማ» እያለ በእናት ስም ይጽፋል። በሰው ቤት እየሠራች የወር ደመወዟን ያጠራቀመች ልጅ፣ እናቷ ተቸገርኩ ስትላት «እውነት እርስዎ ነዎት?» ብሎ መጠየቅን እንደ ነውር ትቆጥረዋለች። ሌባው ኑሮውን የመሠረተው በዚህ ሐያእና በዚህ ዝምድና ላይ ነው።

መከላከያው ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። በዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባል አለ፤ እሱን ከፍቶ ራስ የመረጡትን ሌላ 6 አሃዝ ማስገባት ነው። ከዚያ በኋላ በመልእክት የሚመጣው ኮድ ቢሰረቅ እንኳ ብቻውን አይከፍትም። ስልኩ አስቀድሞ ተነጥቆ ከሆነም ሳይዘገዩ ዋትስአፕን በራስ ቁጥር እንደገና መመዝገብ ያስፈልጋል። በአጭር መልእክት የሚመጣውን ኮድ ባስገባችሁበት ቅጽበት ሌባው ይወጣል። እሱ በበኩሉ ሁለተኛውን ማረጋገጫ ከፍቶ ቆይቶ ከሆነ 7 ቀን መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ቢሆንም በነዚያ ቀናት እሱም ሊጽፍበት አይችልም። በዚህ መካከል ለዘመድ አዝማድ በስልክ ደውሎ «የጻፍኩት እኔ አይደለሁም» ማለት የግድ ነው። በኛ አገር ብዙ ሰው ይህን ማድረግ ያፍራል፤ እያፈረ ሳለ ሁለተኛው ዘመድ ይልካል።

ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ደግሞ የገንዘብ ቦርሳው ራሱ ስልኩ ውስጥ ገብቷል። «በስህተት ገንዘብ ልኬብዎታለሁ፤ በአላህ ይመልሱልኝ» የሚለውን ጥሪ ያልሰማ ባለሱቅ ጥቂት ነው። የገንዘቡን መድረስ የሚናገር መልእክት አብሮ ይመጣል፤ የመጣው ግን በ09 ከሚጀምር ተራ የሞባይል ቁጥር ነው። መልእክቱን ሳይሆን *127# ደውሎ የራስን ሒሳብ ማየት ነው። ገንዘቡ በእርግጥ ካልገባ የሚመለስ ነገር የለም። ምስጢራዊ ቁጥርን በተመለከተም የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ የሚል ቢጠይቅ እንኳ የሚነገርበት ምክንያት የለም።

«ድምፁን ሰምቼ ነው የላክሁት» የሚል ክርክርም ይነሣል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህ በቂ ማስረጃ ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በማርች 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ አጭበርባሪዎች ከአጭር የድምፅ ቅጂ ተነሥተው የቤተሰብ አባልን ድምፅ በኤአይ አስመስለው ሊሠሩ እንደሚችሉ ገልጿል። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያም አሩፕ የተባለው የእንግሊዝ የምሕንድስና ኩባንያ የሆንግ ኮንግ ሠራተኛ፣ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ የአለቃውንና የባልደረቦቹን ፊት አይቶ፣ ድምፃቸውንም ሰምቶ ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ማስተላለፉ ታውቋል። በስብሰባው ላይ የታዩት ሁሉ የተፈበረኩ ምስሎች ነበሩ። የተማረ ባለሙያ እንዲህ ከተታለለ፣ በተቆራረጠ ኔትወርክ የልጇን ለቅሶ የምትሰማ እናት ምን ታድርግ? ስልኩን ዘግታ ራሷ በምታውቀው ቁጥር ትደውል። ቤተሰቡም ከውጭ ሰው የማያውቀው አንድ ጥያቄ ተስማምቶ ይያዝ፤ የአያት ፍየል ስም ቢሆን ይበቃል። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ የመጣልንን ዜና እንድናጣራ ታዘናል፤ ትእዛዙ ዜናው በሰው አፍ ቢመጣም በስልክ ቢመጣም ያው ነው።

ሃይማኖታዊ መልክ ስላለው ብቻ የምናምነው ነገርም አለ። ሙስሊም ፕሮ የተባለውን የሶላት ሰዓትና የቂብላ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ጭኖታል። በኖቬምበር 2020 እ.ኤ.አ. ማዘርቦርድ የተሰኘው የአሜሪካ የዜና ድርጅት ይፋ እንዳደረገው፣ የተጠቃሚዎቹ መገኛ መረጃ ኤክስ-ሞድ ለሚባል ነጋዴ ኩባንያ ይደርስ ነበር፤ የኩባንያው ደንበኞችም የአሜሪካ ጦር ሥራ ተቋራጮችን ያካትቱ ነበር። የፕሮግራሙ ባለቤቶች ለጦሩ በቀጥታ አልሸጥንም ብለው አስተባብለው፣ ከመረጃ ነጋዴዎቹ ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ማቋረጣቸውን አስታወቁ። ኤክስ-ሞድን በተመለከተ ግን የንግድ ኮሚሽኑ በጃንዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ሰዎች ወደ አምልኮና ሕክምና ቦታዎች መሄዳቸውን የሚያሳይ መረጃ እንዳይሸጥ የሚከለክል ውሳኔ አሳልፏል። ሰውየው ፈጅርን በየትኛው መስጂድ እንደሰገደ የሚያውቅ ነጋዴ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሰምተን ፕሮግራሙን ሁሉ እናጥፋ አንልም። ነገር ግን ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቂብላው ወደ ሰሜን፣ በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው፤ ቤታችሁ ከቦታው ካልተነሣ ይህ አይለወጥም። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗም የሶላት ሰዓታችን በዓመቱ ውስጥ ብዙ አይዋዥቅም፤ በመስጂዱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ይበቃል። አዛን የሚያሰማ ፕሮግራም የስልክ ማውጫችሁን ለማንበብ ፈቃድ ከጠየቀ ግን፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሰው ቤት ስንገባ ፈቃድ እንድንጠይቅ በሱረቱን ኑር የታዘዝን ሰዎች፣ ፈቃድ ሲጠየቁ ሳያነቡ «እሺ» የሚለውን መጫን አይገባንም።

አሁን የምናነሣው በቤታችን ጮክ ብለን የማናወራውን ነው። አንዲት ልጅ ለሠርግ የተነሣችውን ፎቶ ለጓደኛዋ ትልካለች፤ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። አንድ የማታውቀው ሰው ያንኑ ፊት በኤአይ ተጠቅሞ ከሌላ ገላ ጋር ያጋጥምና «ካልከፈልሽ ለአባትሽ እልከዋለሁ» ይላታል። ልብ በሉ፤ የማስፈራሪያው ጉልበት ሁሉ «ለአባትሽ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ልጅቱ አባቷ ከመጠየቁ በፊት እንደሚቆጣ ካወቀች ትከፍላለች፤ ከከፈለች ደግሞ ሰውየው ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ለአባቶች የምንለው ግልጽ ነው። ይህ ነገር ከመድረሱ በፊት፣ ዛሬ ማታ፣ «እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣብሽ ለኔ ንገሪኝ፤ በአንቺ ላይ አልፈርድም» በሏት። ከደረሰም አትክፈሉ፤ መልእክቶቹን አታጥፉ፤ ቁጥሩንና ጽሑፉን ፎቶ አንሥታችሁ ለፖሊስ አቅርቡ። በኮምፒዩተር አማካይነት ሰውን ማስፈራራትና ስሙን ማጉደፍ በአዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ወንድ ልጆቻችንም የዚህ ሰለባ ይሆናሉ፤ እነሱ ደግሞ ከሴቶቹ ይበልጥ ዝም ይላሉ።

ስለ ኤአይ ይህን ያህል ክፉ ካልን፣ ወጣቱ «ሁሉን ያውቃል» ያለውን ማንሣት ይገባል። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ፣ እኛ በምናስተምርበት ክፍል ውስጥም የቤት ሥራ ከመምህሩ ይልቅ ባማረ ቋንቋ ተጽፎ መምጣት ጀምሯል። አንድ ተማሪያችን ስለ ጎረቤት ሐቅ በጻፈው ላይ ከሶሒሕ አል-ቡኻሪ ከነቁጥሩ አንድ ሐዲስ ጠቅሶ ነበር። ኪታቡን አምጥተን በቁጥሩ ከፈትነው፤ በቦታው ላይ የሚገኘው ስለ ሌላ ጉዳይ የሚናገር ሐዲስ ነው። በባቡም ፈለግን፤ የለም። ተማሪው የዋሸ አልነበረም፤ ማሽኑ የሰጠውን ነው የገለበጠው።

ማሽኑስ ዋሸ? ይህም ልክ አይሆንም። ከኢንተርኔትና ከመጻሕፍት የተሰበሰበ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተሰጥቶት፣ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል እንደሚመጣ በስሌት እየገመተ ነው የሚጽፈው። «አቡ ሁረይራ እንዳስተላለፉት» ከሚለው ቀጥሎ ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር እንደሚመጣ በሚገባ ያውቃል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያንን መናገር አለመናገራቸውን ግን ከዚህ ስሌት ማወቅ አይቻልም። አንዳንዶቹ አሁን ኢንተርኔት ፈትሸው ምንጩን ያሳያሉ፤ ቢሆንም ምንጩን ራሱን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። በአማርኛ የተጻፈው ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ስለሆነ ደግሞ በኛ ቋንቋ ስህተቱ ይበዛል። በወሎ መድረሳዎች ደረሳው ከሼኹ እግር ሥር ተቀምጦ ኪታቡን ቃል በቃል የሚቀራው፣ ሼኹም ከማን እንደቀሩ የሚናገሩት፣ ዕውቀት ሰንሰለት ስላለው ነው። ይህ ማሽን ግን «ከማን ሰማህ?» ሲባል የሚጠራው ሰው የለውም።

በሌላ በኩል የሒሳብ ጥያቄ ደረጃ በደረጃ ለማስረዳት፣ የዐረብኛ ሰርፍ ለማለማመድ፣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ለማረም ጠቃሚ መሆኑን አይተናል፤ ተማሪዎቻችንንም አንከለክልም። አልጎሪዝም የሚለው ቃል ራሱ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ ከነበሩት ሊቅ፣ ከሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ስም የመጣ ነው። (ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ፈተናውን ግን አያቀልላቸውም።) አልጀብራ የሚለው ስም የተገኘበት መጽሐፋቸው ሰፊ ክፍል ደግሞ የኑዛዜና የውርስ ስሌት ነው።

በዚሁ በውርስ ነገር ብንመዝነው ልዩነቱ ይታያል። አንድ ሰው ሚስቱን፣ እናቱን፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ሞተ እንበል። ንብረቱ 120 እጅ ቢደረግ ለሚስት 15፣ ለእናት 20፣ ለያንዳንዱ ወንድ ልጅ 34፣ ለሴቷ ልጅ 17 ይደርሳል። ማሽኑ ይህን ቁጥር በትክክል ሊያወጣ ይችላል። ጉዳዩ ወደ ሼኽ ሲሄድ ግን ሼኹ ቁጥር ውስጥ ከመግባታቸው በፊት፣ ሟች ዕዳ ነበረበት ወይ፣ ተናዞ ነበር ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ከክፍፍሉ በፊት የሚወጡ ናቸውና። ቀጥለውም ወደ ሚስቲቱ ዞር ብለው «መህርሽ ተከፍሎሻል?» ይላሉ። ያልተከፈለ መህር ዕዳ ነው፤ ከ15ቱ እጅ ላይ የሚታሰብላት ሳይሆን ከሁሉ አስቀድሞ ከጠቅላላው ንብረት የሚወጣላት ነው። በለቅሶ ቤት ጥግ ላይ ዝም ብላ የተቀመጠችው ሴትዮ ይህን መብቷን ባታውቀው፣ ስልኩን የያዘው ልጅም ስለ መህሩ ሳይጠይቅ ቢቀር፣ የሚሰጠው መልስ ያለሷ ሐቅ የተሟላ መስሎ ይነበባል።

ወላሁ አዕለም።