ሙስሊም ሳይሆኑ ረመዳንን መጾም፦ ያልተበላው ምሳ ብር የት ይገባል?

«ሙስሊም አይደለሁም፤ ግን ረመዳንን እጾማለሁ፣ እናንተ ደግሞ ለተቸገሩ ገንዘብ አዋጡ» የሚሉ ሰዎች በውጭ አገር አሉ። ነገሩ እውነት ሰው ይጠቅማል ወይስ ለቪዲዮ እይታ ነው? ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ያለ ወጣት ልሞክረው ቢልስ? በአጭሩ እናስረዳችሁ።

📌 ከየት የመጣ ሐሳብ ነው?

አንዱ ጥሩ ምሳሌ የካናዳው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዚያድ ሚያ የተባለ የቶሮንቶ የሕግ ባለሙያ «ጊቭ 30» የሚባል ዘመቻ ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በ30ው የጾም ቀናት ለምሳና ለቡና ታወጡት የነበረውን ገንዘብ ለምግብ ባንክ ስጡ። ምግብ ባንክ ማለት የሚበላ ላጡ ቤተሰቦች ምግብ በነጻ የሚያድል ማዕከል ነው። ዘመቻው ለሙስሊም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የፓርላማ አባሉ ማርክ ሆላንድ ሙስሊም ሳይሆን ለዚሁ ዘመቻ ረመዳንን ጾሟል። ያን ዓመት ረመዳን የዋለው በግንቦትና በሰኔ ነበር። በዚያ ወቅት የካናዳ ቀን ረጅም ስለሆነ ጾሙ በቀን 17 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ 13 ሰዓት አካባቢ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የተራበን ሰው የሚያበላው የእናንተ ረሃብ አይደለም፤ ያልበላችሁት ምሳ ብር ነው። ብሩ ኪስ ውስጥ ከቀረ ጾሙ ለተቸገረው ምንም አላመጣለትም።

📌 እስልምና ምን ይላል?

በእስልምና ጾም አምልኮ የሚሆነው በኒያ ነው። ስለዚህ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ሲጾም ጓደኛውን አከበረ፣ አብሮ ቆመ እንጂ የሃይማኖቱን ግዴታ ፈጸመ አይባልም። ጾምን ከድሃ ጋር ማገናኘት ግን በረመዳን ውስጥ ድሮም ያለ ነው። ከኢድ ሶላት በፊት ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ የሚሆን እህል ለችግረኛ ይሰጣል፤ ዘካተል ፊጥር ይባላል። በእርጅና ወይም በማይድን ሕመም መጾም የማይችል ሰው ደግሞ ላልጾመው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ድሃ ያበላል።

📌 የኦርቶዶክስ ልጅስ?

ጎጃም ውስጥ አብዛኛው ወጣት የራሱ ጾም አለው። በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22። ጎረቤታሞች አብረው ጾሙ ማለት ነው፤ አንዱ ጀንበር እስክትጠልቅ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ፣ ሌላው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ፣ ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ለ55 ቀን ርቆ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ መደራረቡ እየጠበበ ነው። በ2019 በስሌት ረመዳን የካቲት መጀመሪያ ላይ ይገባል፤ ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ሲጀመር ረመዳን ወደ ማለቁ ነው።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው፦ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ጾም መዋስ ግድ የለበትም። በቤተ ክርስቲያንም ጾምና ምጽዋት የማይነጣጠሉ ናቸው። ሁሉም የራሱን ይጹም፤ ያልተበላው ምሳ ብር ግን አንድ ቦታ ይግባ። ከጓደኛዬ ጋር የረመዳንን አንድ ሁለት ቀን ልሞክር የሚልም ይሞክር፤ መጀመሪያ ግን ጓደኛውን ይጠይቅ። ጋባዦችም ጓደኛችሁ ዐቢይ ጾም ላይ ከሆነ ለኢፍጣር ተምርና የምስር ሳምቡሳ አስቡለት።

📌 እኛ ጋ እንዴት ይሠራል?

አንድ ምሳ 100 ብር ነው እንበል። በ30 ቀን 3,000 ብር ይሆናል። አሥር ጓደኛሞች ከሆናችሁ 30,000 ብር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው።

✅ ብሩን በየቀኑ ለብቻ አስቀምጡ፤ በወሩ መጨረሻ እሰጣለሁ ያለ አይተርፈውም።
✅ በአንድ ሰው ቴሌብር ብቻ አትሰብስቡ። ሁለት ሦስት ሰው የሚፈርምበት የባንክ ሒሳብ ይሻላል።
✅ የገባውንና የወጣውን በየሳምንቱ ለአዋጪዎች አሳዩ።
✅ ማን እንደተቸገረ የሰፈሩን እድር ጠይቁ። ከገጠር ሕመምተኛ ይዘው መጥተው ሆስፒታል ደጅ የሚያድሩ አስታማሚዎችንም አትርሱ።
❌ እርዳታ የሚቀበል ሰው ፊት ላይ ካሜራ አትደግኑ።

📌 ማን አይሞክረው?

የስኳር ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ጨጓራው የሚያስቸግረውና በሰዓት መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያማክር። ሕመምተኛንና መንገደኛን እስልምናም አያስገድድም። ሳይጾሙም ማዋጣት ይቻላል።

ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአካባቢያችን ባለው ግጭት መንገድ እየተዘጋ፣ ትምህርት እየተቋረጠ፣ የቀን ሠራተኛው ሥራ እያጣ ብዙ ቤት ጎድሏል። ሳይፈልግ የሚጾም ጎረቤት አለን። የእሱን ጾም ማንም አይቀርጸውም፤ አዛን ሲባልም ሆነ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ የሚጠብቀው ማዕድ የለም። የምሳችን ብር መድረስ ያለበት እሱ ጋ ነው።

ለጓደኞቻችሁ አጋሩት፤ አሥር ሆናችሁ ጀምሩ።