ብል የማይበላው ጋቢ፦ ስለ ቁም ሳጥንና ስለ ቤት ቁጠባ ተረትና እውነታ

የቤት ወጪ ሲነሳ ቀድመን የምንጠራው ጤፍን፣ ዘይትን፣ የቤት ኪራይንና የትምህርት ቤት ክፍያን ነው። ቁም ሳጥኑን የሚያነሳ የለም። ዓመት በዓመት ላይ ተደራርቦ ብዙ ገንዘብ የተኛው ግን እዚያ ውስጥ ነው፤ የሠርግ ጥልፍ ቀሚስ፣ የሱፍ ሙሉ ልብስ፣ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ የልጆች ዩኒፎርም። ይህን ንብረት ሌባ አይወስደውም። እርጥበት ያሻግተዋል፣ እድፍ ያቃጥለዋል፣ መርሳት ደግሞ ያለንን ነገር ሁለተኛ ያስገዛናል። የሚያሳዝነው ልብስ ለማቆየት ብለን ከምናደርጋቸው ነገሮች ጥቂት የማይባሉት ጥፋቱን የሚያፋጥኑ መሆናቸው ነው። በየቤቱ ከሚነገሩት ዋና ዋናዎቹን ከእውነታው ጋር እናስተያይ።

ተረት፦ ቁም ሳጥን ለማስተካከል መጀመሪያ ሳጥንና መደርደሪያ መግዛት ያስፈልጋል።

እውነታ፦ ምን እንዳለዎት ሳያውቁ የሚገዙት ሳጥን የማይፈለግ ልብስ መኖሪያ ይሆናል። ሥራው የሚጀምረው ያለውን ሁሉ አውጥቶ አልጋ ላይ በመዘርገፍ ነው። ከዚያ በአራት ይከፈላል፦ በየዕለቱ የሚለበስ፣ ለበዓልና ለለቅሶ የሚቀመጥ፣ ጥገና የሚፈልግ፣ ከቤት የሚወጣ። የዕለቱ ዕቃ በእጅ ቁመት፣ የበዓሉ ከላይ፣ ከባዱ ብርድ ልብስ ከታች ይቀመጣል። ባዶው ሻንጣ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ከሚጠጣ ጋቢና ቡሉኮ ይያዝ። የ5 ሊትር የዘይት ጄሪካን በደንብ ታጥቦ፣ ደርቆና ጎኑ ተቆርጦ በመሳቢያ ውስጥ የካልሲና የውስጥ ልብስ መለያ ይሆናል። ካርቶን ግን ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ አይሆንም፤ ክረምት እርጥበት ይመጥጣል፣ ሙጫው ደግሞ በረሮን ይጋብዛል።

ተረት፦ ዓመት ሙሉ ያልተለበሰ ልብስ ይውጣ።

እውነታ፦ ይህ ሕግ የተቀዳው ሌላ ዓይነት ኑሮ ካለበት አገር ነው። እኛ ቤት ጥቁር ነጠላ ለሁለት ዓመት ሳይነካ ሊቀመጥ ይችላል፤ ለቅሶ ሲደርስ ግን በዚያው ሌሊት ይፈለጋል። የትልቁ ልጅ ዩኒፎርም ለታናሹ ተራውን እየጠበቀ ነው። መጠየቅ ያለበት «መቼ ለበስኩት?» ሳይሆን «ለየትኛው ቀን ነው የተቀመጠው? ለማንስ?» ነው። መልስ የሌለው ልብስ ይውጣ፤ መልስ ያለው በስሙና በመጠኑ ይቀመጥ። «የ6 ዓመት ልጅ፣ ሹራብ» ተብሎ በወረቀት የተጻፈበት ሻንጣ ታናሹ ሲደርስ ተረስቶ አዲስ ሹራብ እንዳይገዛ ያደርጋል።

ለዕለት ልብስ ደግሞ ምንም ወጪ የሌለው መፈተኛ አለ። የመስቀያዎቹን መንጠቆ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዙሩ። የለበሱትን ሲመልሱ መንጠቆውን ወደ ተቃራኒው ያድርጉት። ከጥቂት ወራት በኋላ አቅጣጫቸው ያልተቀየረው ልብሶች ቦታ ብቻ እየያዙ ያሉት ናቸው።

ተረት፦ ጋቢና ነጠላን ብል ይበላዋል።

እውነታ፦ ልብስ የሚበላው የሚበረው ነፍሳት ራሱ አይደለም። ያደገው ነፍሳት የሚመገብበት አፍ እንኳ የለውም፤ ሥራው እንቁላል መጣል ብቻ ነው። ጥፋቱን የሚያደርሰው ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትንሽ እጭ ነው። የእጩ ምግብ በሱፍ፣ በፀጉርና በላባ ውስጥ ያለው ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ሐርም ከእንስሳ የተገኘ ስለሆነ አይተርፍለትም። ጥጥ ግን የተክል ውጤት ነው፤ እጩ ሊፈጨው አይችልም። ስለዚህ ንጹሕ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ኩታና ቡሉኮ የብል ቀለብ አይደሉም። መጠበቅ ያለባቸው የመንዝ ባና፣ በርኖስ፣ ካፖርት፣ የሱፍ ሙሉ ልብስ፣ የሱፍ ሹራብና ምንጣፍ ናቸው።

ታዲያ ጋቢው ለምን ይበሳል? ላብ፣ ቅባት ወይም ወጥ የነካው ጥጥ እጩን ይስባል፤ እድፉን ሲበላ ክሩንም አብሮ ይቆርጠዋል። አይጥና በረሮም አሉ። ስታርች ተደርጎበት የተቀመጠ ልብስ ደግሞ ስታርች ለሚወዱ ሌሎች ነፍሳት ግብዣ ነው። ብዙ ጊዜ በብል የሚሳበበው ቀዳዳም የበረኪና ሥራ ሆኖ ይገኛል።

ማታ አምፖል የሚከብበውን የእሳት እራት አይተው አይደንግጡ። የልብስ ብል ብርሃን ይሸሻል፤ የሚወደው ጨለማ፣ ጸጥታና የማይነካ ልብስ ነው። ስለዚህ የሱፍ ልብስ ከመቀመጡ በፊት አንገቱ፣ ኪሱና ስፌቱ በብሩሽ ይጠረግ፣ እድፉ ይልቀቅ፣ በየጊዜውም ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይራገፍ። ብል የገባበት ሹራብ ካለና ቤት ውስጥ ዲፕ ፍሪዘር ካለ፣ በላስቲክ በደንብ ታስሮ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ ቢያንስ ለ3 ቀን ይቆይ። እንቁላሉም እጩም ይሞታል።

ተረት፦ ናፍታሊን ጣል ማድረግ ይበቃል።

እውነታ፦ ናፍታሊን የሚሠራው ሽታው ስለሚያባርር አይደለም። ጠጣሩ በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙ በታሸገ ዕቃ ውስጥ በብዛት ሲጠራቀም ነው ነፍሳቱን የሚገድለው። በሩ በቀን አሥር ጊዜ በሚከፈት ቁም ሳጥን ውስጥ የተጣለ ናፍታሊን ለብሉ አይበቃም፤ ለቤቱ ሰው ሳንባ ግን ይተርፋል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2002 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ከሚባሉት ነገሮች ጋር መድቦታል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2008 እ.ኤ.አ. ለብል መከላከያነት እንዳይሸጥ አግዷል። ከሁሉ በላይ አደጋው ለአራስ ነው። ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚያንሰው ሕፃን በናፍታሊን ከተቀመጠ ልብስ በሚወጣው ጋዝ ብቻ ቀይ የደም ሴሎቹ ሊሰባበሩና ቆዳውንና ዓይኑን ቢጫ የሚያደርግ ከባድ የወፍ በሽታ ሊይዘው ይችላል። ለሚወለድ ልጅ የተቀመጠ ልብስ አጠገብ ፈጽሞ አይደረግ። ለድክ ድክ ባይ ልጅ ደግሞ ከረሜላ ይመስላል።

የወይባ ጢስም ሆነ የጥድ ፍልጥ ልብስን መልካም ሽታ ይሰጣሉ። የገባውን ብል ግን አያስወጡም፤ የጥዱ ዘይት ተንኖ ሲያልቅ ደግሞ ፍልጡ ተራ እንጨት ነው።

ተረት፦ በላስቲክ የታሸገ ልብስ ከክረምት እርጥበት ይድናል።

እውነታ፦ የሚድነው ፍጹም ደርቆ ከገባ ነው፤ በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ የሚመስል ልብስ ደግሞ ደረቅ ላይሆን ይችላል። ጥጥ በተራ አየር ውስጥ እንኳ የክብደቱን 8 በመቶ ያህል ውሃ ተሸክሞ ይቀመጣል፣ ሱፍ ከዚያ እጥፍ፤ ፖሊስተር ከ1 በመቶ በታች ነው። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ ራሱ ስለሚረጥብ የጥጡ ድርሻ ይጨምራል። ያንን ላስቲክ ውስጥ ማሰር እርጥበቱን ከልብሱ ጋር ማሰር ነው። የልብስ ንጽሕና መስጫ ሱቆች አልብሰው የሚሰጡትም ስስ ላስቲክ ለመንገድ እንጂ ለመኖሪያ አይደለም፤ ቤት እንደደረሱ ያውልቁት። አሮጌ የትራስ ልብስ ወይም አንሶላ አቧራ ይከለክላል፣ አየር ግን ያስገባል።

ሻጋታ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 70 በመቶ አካባቢ ደርሶ ሲቆይ ይበቅላል። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ከተማ ቀዝቃዛ የውጭ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቁም ሳጥን ጀርባው ይረጥባል፤ ሻጋታውም ብዙ ጊዜ ከዚያ ይነሳል። መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ያርቁ፤ ልብሱን እጅ እንዲገባ አድርገው ያሳሱ፤ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቀን ሁለቱንም በርና መስኮቱን ይክፈቱ። ዝናብ ሲያስገድድ ልብስ ቤት ውስጥ ከተሰጣም ቁም ሳጥን ካለበት ክፍል ውጭ ይሁን፤ ከልብሱ የወጣው ውሃ የሚሄደው ወደ ክፍሉ አየር ነው።

ተረት፦ ጨው በሳህን ማስቀመጥ እርጥበቱን ይመጥጠዋል።

እውነታ፦ የገበታ ጨው ከአየር ውሃ መሳብ የሚጀምረው እርጥበቱ 75 በመቶ ሲያልፍ ነው፤ ማለትም ሻጋታው አስቀድሞ ከተመቸው በኋላ። ከአዲስ ጫማና ቦርሳ ጋር የሚመጡት ትናንሽ የሲሊካ ከረጢቶች ይሻላሉ፤ ለመሳቢያና ለተዘጋ ሻንጣ ያገለግላሉ፣ ለሙሉ ቁም ሳጥን ግን አይበቁም።

ተረት፦ አረፋ በበዛ ቁጥር ይጠራል፤ በረኪና በበዛ ቁጥር ይነጣል።

እውነታ፦ አረፋ የማጽዳት ምልክት አይደለም። የተረፈው ዱቄት ሳሙና በክሩ ውስጥ ይቀራል፤ ልብሱን ያደርቀዋል፣ ያደበዝዘዋል፣ ለማለቅለቅም ተጨማሪ ባልዲ ውሃ ይጠይቃል። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ድርብ ኪሳራ ነው። ቆሻሻ የሚለቀው ጊዜ ሲያገኝ ነው፤ መጠነኛ ሳሙና ውስጥ ዘፍዝፎ ማቆየት እፍኝ ኦሞ ከመጨመር ይበልጣል። የደም፣ የወተትና የእንቁላል እድፍ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ይጀመር፤ ሙቅ ውሃ ፕሮቲኑን ከክሩ ጋር ያጋግረዋል።

በረኪና በተደጋጋሚ ሲነካው ጥጥ ይሳሳል፤ የነጠላው ጥለት ይለቃል፤ ሱፍና ሐር እስከ መሟሟት ይደርሳሉ። ከሚያስፈልገው በላይ ገዝቶ ማስቀመጥም አያዋጣም፤ ሙቀትና ብርሃን ኃይሉን ይቀንሱታል። ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ የሚወጣው መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ነው። ለበዓል የተቀመጠው ነጭ ቀሚስ በአንገቱና በብብቱ የሚወይበው ደግሞ በረኪና ስላነሰው አይደለም። ሲቀመጥ ያልታየው ላብና የሰውነት ቅባት በጊዜ ብዛት ቀለም ስላወጣ ነው። ለጥቂት ሰዓት የተለበሰም ቢሆን ታጥቦ ይቀመጥ።

ተረት፦ ጥሩ ልብስ ሁሉ መሰቀል አለበት።

እውነታ፦ ሸሚዝ፣ ኮትና ሱሪ ይሰቀሉ። ሹራብ ግን በራሱ ክብደት ይረዝማል፣ ትከሻውም ይጎብጣል፤ ይታጠፍ። ጥልፉ የከበደ የሀበሻ ቀሚስም ሽመናው ለስላሳ ስለሆነ በቀጭን መስቀያ ላይ ለዓመታት ሲንጠለጠል ትከሻው ይሳባል። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጥልፉ ወደ ውስጥ ሆኖ ታጥፎ ይቀመጥ። በዓመት ሁለት ጊዜ ወጥቶ እጥፋቱ ይቀየር፤ አንድ መስመር ላይ ብቻ የታጠፈ ጥጥ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል።

ተረት፦ ርካሽ መግዛትና በጅምላ መግዛት ሁልጊዜ ያተርፋል።

እውነታ፦ የልብስ ዋጋ የሚለካው በተለበሰበት ቀን ተካፍሎ ነው። በ600 ብር ተገዝቶ 20 ጊዜ ተለብሶ ያለቀ ሸሚዝ በአንድ ቀን 30 ብር ወስዷል፤ በ1,500 ብር ተገዝቶ 100 ጊዜ የተለበሰው ግን 15 ብር ብቻ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ልብሱን ወደ ብርሃን ያዙት፣ ስፌቱን ሳብ ያድርጉት፣ ዚፑን ሁለት ሦስት ጊዜ ይክፈቱና ይዝጉት። ሳልቫጅ ውስጥ ጎበዝ ገዢ የሚለየውም በዚህ ነው።

ጅምላ ደግሞ እንደ ዕቃው ነው። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ደረቅ ከሆነ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ስለዚህ እህሉን በብዛት ገዝቶ በልክ ማስፈጨት ያዋጣል። ባቄላና ሽምብራ ግን ይነቀዛሉ፤ ሽንኩርት በክረምት ያበቅላል። ደረቅ የልብስ ሳሙና በጅምላ ቢገዛ ይጠቅማል፤ ወረቀቱ ተገፍፎ አየር ሲያገኝ ውሃው ይተንና ይጠነክራል፣ ሲታጠብበትም ቶሎ አይሟሟም።

ተረት፦ መብራት መቆጠብ ማለት አምፖል ማጥፋት ነው።

እውነታ፦ አምፖል ማጥፋት ጥሩ ልማድ ነው፤ ቆጣሪውን የሚያሯሩጡት ግን ሙቀት የሚያወጡት ዕቃዎች ናቸው። 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በምሽት 5 ሰዓት ቢበራ 50 ዋት ሰዓት ይወስዳል። 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ የሚወስደው የዚያን አምፖል የ70 ምሽት ፍጆታ ነው። ምጣዱ እስኪግል የሚባክነው ብዙ ስለሆነ በሳምንት ሦስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር አንድ ጊዜ አሟልቶ መጋገር ይሻላል። ካውያም እንደዚሁ ነው። ልብሱ በአንድ ቀን ይሰብሰብ፤ በዝቅተኛ ሙቀት ከሚተኮሰው ፖሊስተር ተጀምሮ በጥጥ ይጨረስ። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚወደድ ስለሆነ ከላይ የሚቆጠበው ኪሎዋት ሰዓት ውዱ ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ተረት፦ ቁም ሳጥን የሚጸዳው ለእንቁጣጣሽ ነው።

እውነታ፦ በጳጉሜን ቤቱ ሁሉ ሲገለባበጥ ቁም ሳጥኑም ይደርሰዋል። በዚያ ጊዜ ግን ሻጋታው በሐምሌና በነሐሴ ሥራውን ጨርሷል፤ የምናደርገው የደረሰውን ጥፋት መቁጠር ነው። ትክክለኛው ጊዜ ግንቦት ነው፤ ፀሐዩ ገና አለ፣ ከባዱ ዝናብም አልገባም። አንድ ቅዳሜ ልብሱ ይውጣ፣ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ቁም ሳጥኑ ይወልወልና ከግድግዳው ይራቅ። ያለውም በአንድ ወረቀት ተመዝግቦ በሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፍ። መስከረም ላይ ለልጆቹ ዩኒፎርምና ለበዓሉ ልብስ ገበያ ሲወጡ ያንን ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ የሚገዙት የጎደለውን ብቻ ይሆናል።