«ውሃ ገፊ» አፈርና ትነት፦ ስለ አንድ ስያሜ

ስለ አሸዋማ አፈር የተጻፉትን የሥነ አፈር ድርሳናት ወደ አማርኛ ስንመልስ ከሚያስቸግሩን ነገሮች አንዱ፣ ውሃ ሲነካው የማይርሰውን አፈር የምንጠራበት ቃል ነው። ቀድሞ ወደ አእምሯችን የሚመጣው «ውሃ የማያስገባ» የሚለው ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ስያሜ ያሳስታል።

የነገሩ ጠባይ እንዲህ ነው። ከዕፅዋት ብስባሽ የሚወጣ ሰም መሰል ቅባት የአሸዋውን ቅንጣቶች ይለብጣቸዋል። በደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ የእርሻ መሬትና በኔዘርላንድስ የባሕር ዳር የአሸዋ ክምር ይህ በሚገባ ይታወቃል። በዚያ አፈር ላይ የወደቀ ጠብታ፣ በጎደሬ ቅጠል ላይ እንዳረፈ ሁሉ ድቡልቡል ሆኖ ይቆያል። ባለሙያዎችም ጠብታው እስኪሰርግ ያለውን ጊዜ ይቆጥራሉ፤ ከ5 ሴኮንድ በታች ከሆነ አፈሩ የሚርስ ነው፣ ከ1 ሰዓት ካለፈ ግን ጠባዩ እጅግ የበረታ ነው።

በሚርስ አሸዋ ውስጥ ውሃ፣ የፋኖስ ክር ጋዝ እንደሚስብ፣ በቅንጣቶቹ መካከል ባሉት ጠባብ ክፍተቶች እየተሳበ ወደ ገጹ ይወጣል፤ ገጹ እርጥብ እስከሆነ ድረስም ትነቱ ፈጣን ነው። የላይኛው ንጣፍ ይህ ጠባይ ካለው ግን ስበቱ ከንጣፉ ሥር ይቋረጣል። ከዚያ በላይ የሚያልፈው ተን ብቻ ነው፤ እርሱም በዝግታ። ትነት የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው። «የማያስገባ» ያልን እንደሆነ ግን አንባቢያችን ንጣፉን እንደ ድፍን ላስቲክ ይቆጥረዋል፤ የተኑም መንገድ ይጠፋበታል። ዝናቡም ቢሆን ፈጽሞ አይቀርም፤ በጥቂት ጠባብ መስመሮች ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ በመካከላቸው ያለው አፈር ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ «ትነቱ ቀነሰ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር «አፈሩ እርጥብ ነው» ብሎ መተርጐም ገበሬውን መጉዳት ነው።

«ውሃ ጠል» አጭርና ለጆሮ የሚጥም ነው፤ ነገር ግን ጠል ጤዛም ነውና፣ ስለ እርጥበት በሚናገር ጽሑፍ ከዚህ የከፋ አሻሚ ቃል ማግኘት ያዳግታል። «ፀረ ውሃ» ደግሞ ፀረ ተባይን ስለሚያስታውስ የተረጨ መድኃኒት ያስመስለዋል።

እኛ «ውሃ ገፊ» የሚለውን መርጠናል፤ ለጠባዩም «ውሃ ገፊነት»። መግፋት ወተት መናጥንም እንደሚያመለክት አልዘነጋንም፤ ከአፈር ጋር ሲነገር ግን የሚያደናግር አይመስለንም። «አፈሩ ውሃ ይገፋል» ተብሎ በግሥ መነገሩም ለተርጓሚ ይመቻል። ለተቃራኒው አዲስ ስያሜ አላስፈለገንም፤ «የሚርስ አፈር» ይበቃል።