በላዩ ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ መኪና፤ አመራረጡና አያያዙ

የትምህርት ቤታችን ግቢ ምን ያህል ሰፊ እንደ ሆነ በእግሩ የዞረው ሁሉ ያውቀዋል። በክረምት ወራት ሣሩ እስከ ጕልበት ይደርሳል፤ አትክልተኛችን በማጭድ ከአንዱ ዳር አጭደው ወደ ሌላው ዳር ሲደርሱ፣ አስቀድሞ የታጨደው እንደ ገና አድጎ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህም በላዩ ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ መኪና ቢገዛ ይሻላል የሚል ሐሳብ በወላጆችና በመምህራን ዘንድ ተነሥቷል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ከብዙ ወላጆች ኪስ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ መኪናው ከመገዛቱ በፊት እንዴት እንደሚመረጥ፣ ከተገዛም በኋላ እንዴት እንደሚያዝ ሁላችንም ብናውቅ ይበጃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

አስቀድሞ ስለ መኪናው አመጣጥ ጥቂት እንናገር። የሣር ማጨጃን የፈለሰፈው ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ የፈጠራውን መብት ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1830 ዓ.ም. ነው። ይህ ሰው ሐሳቡን ያገኘው የሱፍ ጨርቅን ጭገር እየላጨ ከሚያስተካክለው የፋብሪካ መኪና ነበር። የመጀመሪያውን ማጨጃ የሚገፋው ሰው ነበር፤ ቈይቶም ትልልቁን ፈረስ ይስበው ጀመር፤ ኮቴው ሣሩን እንዳይጐዳውም ለፈረሱ የቈዳ ጫማ ያጠልቁለት ነበር። በ1902 ዓ.ም. ደግሞ ራንሰምስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በቤንዚን ሞተር የሚሠራውን ለገበያ አወጣ።

ዛሬ ያሉት ማጨጃዎች በአቈራረጣቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው እንደ መቀስ የሚቈርጥ ተንከባላይ ስለት ያለው ሲሆን፣ ለተስተካከለና ለአጭር ሣር ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው እንደ ማጭድ በፍጥነት የሚሽከረከር አግድም ስለት ያለው ነው። ሣሩ ረጅም፣ መሬቱም ሻካራ ለሆነ እንደኛ ላለው ግቢ የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ነው።

እንግዲህ መኪናውን ለመምረጥ ከመደብሩ በፊት መመርመር ያለበት መሬቱ ነው። በመኪናው ቀለምና ውበት ተማርኮ መግዛት፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለው ይሆናል። መመርመር ያለባቸውም አራት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው የመሬቱ ስፋት ነው። ርዝመቱ 105፣ ወርዱ 68 ሜትር የሆነ የእግር ኳስ ሜዳ 7,140 ካሬ ሜትር ይሆናል። በእጅ የሚገፋ ማጨጃ በአንድ ጊዜ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢያጭድ፣ ይህን ሜዳ ለመጨረስ የሚገፋው ሰው ወደ 16 ኪሎ ሜትር መመላለስ አለበት። ነገር ግን የስለቱ ወርድ 107 ሴንቲ ሜትር የሆነ መኪና፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ ለመታጠፊያውና ለመደራረቢያው የሚባክነው ጊዜ ተቀንሶለት፣ በአንድ ሰዓት 4,000 ካሬ ሜትር ያህል ያጭዳል። ስለዚህ ሜዳው ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ከዚህ የሰፋ ስለት ቶሎ ይጨርሳል፤ ነገር ግን በዛፎች መካከል አያልፍም፤ ጐርባጣ መሬትም ላይ አፈሩን ይልጣል። በሩ ጠባብ ከሆነም የመኪናውንና የበሩን ወርድ አስቀድሞ መለካት ይገባል።

ሁለተኛው የመሬቱ ተዳፋትነት ነው። ሞተሩ በፊት፣ ስለቱ በጐማዎቹ መካከል ሆኖ በመሪ የሚነዳ የትራክተር መልክ ያለው ማጨጃ አለ፤ እንዲሁም በሁለት ዘንግ የሚነዳና ባለበት ቦታ ዞሮ የሚመለስ ማጨጃ አለ። ይህኛው በአበባ መደብና በዛፍ ዙሪያ እጅግ ቀልጣፋ ነው፤ ሆኖም የፊት ጐማዎቹ በመሪ የማይያዙ ስለ ሆኑ በተዳፋት ላይ በቀላሉ ይንሸራተታል። ብዙ አምራቾች ከ15 ዲግሪ በላይ በሆነ ተዳፋት ላይ በተቀምጦ ማጨጃ ማጨድን ይከለክላሉ። ይህም መሬቱ በ1 ሜትር ርቀት ውስጥ 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ሲል ማለት ነው፤ በአንድ ሜትር ዘንግ፣ በውሃ ልክና በማስመሪያ ማንም ተማሪ ሊለካው ይችላል። ከቤተ መጻሕፍቱ በታች እንዳለው ያለ ቍልቍለት ለማጭድ መተው አለበት፤ ተገልብጦ ሰው ከሚጫን መኪና ማጭድ ይሻላልና።

ሦስተኛው የአገራችን ከፍታ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። የቤንዚን ሞተር የሚሠራው ቤንዚንን ከአየር ጋር አዋሕዶ በማቃጠል ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ በየ300 ሜትሩ ሞተሩ ከጕልበቱ ከ3 በመቶ በላይ ያጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት፣ በባሕር ዳርቻ 20 የፈረስ ጕልበት ያለው ሞተር እኛ ዘንድ ከ15 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ በወረቀት ላይ የተጻፈውን ጕልበት በሩብ ቀንሶ ማሰብ ብልህነት ነው። ከዚህም በላይ ለቈላ የተስተካከለ ካርቡራተር በደጋ ከአየሩ የበዛ ቤንዚን ስለሚያጠጣ፣ ሞተሩ ጥቍር ጢስ ያወጣል፤ ካንዴላውም በጥላሸት ይሸፈናል። ስለዚህ ለከፍታ የሚሆን ማስተካከያ እንዳለው ሻጩን መጠየቅ ይገባል። በባትሪ የሚሠራው ማጨጃ አየር ስለማያቃጥል ከፍታው ጕልበቱን አይቀንሰውም፤ ሆኖም ባትሪው ውድ መሆኑና በቂ መብራት ማስፈለጉ መታሰብ አለበት።

አራተኛው መለዋወጫ ነው። ስለት፣ ቺንጋ፣ ፊልትሮና ካንዴላ በየጊዜው የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው። እነዚህ በከተማው ውስጥ የማይገኙለት መኪና፣ ዋጋው ቢረክስም፣ አንዲት ቺንጋ የተበጠሰችበት ቀን የዶሮ ማደሪያ ይሆናል። ስለዚህ ከመኪናው ጋር ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ስለትና አንድ ተጨማሪ ቺንጋ መግዛት ይበጃል።

አሁን ወደ አያያዙ እንለፍ። የመጀመሪያው ትእዛዝ የሥራውን ሰዓት በደብተር መመዝገብ ነው፤ ምክንያቱም የማጨጃ ዕድሜ የሚቈጠረው እንደ መኪና በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነውና። ዘይቱ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በደልዳላ መሬት ላይ ሁልጊዜ ይታያል። የአዲስ ሞተር ዘይት ከጥቂት ሰዓታት ሥራ በኋላ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ብዙ አምራቾች በየ50 ሰዓቱ እንዲለወጥ ያዛሉ። መኪናው በሳምንት 4 ሰዓት ቢሠራ 50ው ሰዓት በ3 ወር ይሞላል፤ ይህም ማለት በእያንዳንዱ ክረምት አንድ ጊዜ ነው። የአየር ፊልትሮው ደግሞ አቧራ በሚበዛበት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት፤ አቧራ ወደ ሲሊንደር ከገባ ሞተሩን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋልና።

ስለቱ ሲደንዝ ሣሩን መቍረጡን ትቶ ይቦጫጭቀዋል፤ የሣሩም ጫፍ ይገረጣል። በ25 ሰዓት አንድ ጊዜ ያህል ስለቱን አውጥቶ በሞረድ መሳል ያስፈልጋል። ስለቱ ከመነካቱ በፊት ግን ሞተሩ ጠፍቶ የካንዴላው ሽቦ መነቀል አለበት። ከተሳለ በኋላ በመካከለኛው ቀዳዳው ምስማር ላይ ሰቅሎ ማየት ነው፤ አንዱ ጫፍ ከወረደ ከባዱ እርሱ ስለ ሆነ ጥቂት ይሞረዳል። ያልተመጣጠነ ስለት መኪናውን ሁሉ እያንቀጠቀጠ ኩሽኔታውን ይጨርሰዋል። ሣሩም ሲታጨድ ከቁመቱ ከሢሶው በላይ ባይቈረጥ ሥሩ አይጐዳም።

የውጭ አገር መመሪያ መጻሕፍት መኪናው በረዶ በሚወርድበት ወራት እንዲቀመጥ ይመክራሉ። በእኛ አገር ግን ማጨጃው የሚያርፈው በበጋ፣ ሣሩ ሲደርቅ ነው። ከአንድ ወር በላይ የሚቀመጥ ከሆነ ቤንዚኑ ተበላሽቶ ካርቡራተሩን ስለሚደፍነው መገልበጥ አለበት፤ ከስለቱ ክዳን በታች የተጣበቀው ሣር መፋቅ፣ ባትሪውም መነቀል ይኖርበታል።

ከሁሉ በላይ ግን የሰው ደኅንነት ነው። የስለቱ ጫፍ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሮጥ፣ ያገኘውን ጠጠር እንደ ጥይት ይወረውራል። ስለዚህ ማጨድ ያለበት ተማሪዎች በሌሉበት ሰዓት፣ ድንጋይና ሽቦ ከተለቀመ በኋላ፣ ሣሩም ሲደርቅ ነው። ከነጂው በቀር ማንም በላዩ አይቀመጥ። ነጂው ከወንበሩ ሲነሣ ስለቱን የሚያቆመውንም መሣሪያ ለምቾት ብሎ ማንሣት ሕይወትን መነገድ ነው። ቤንዚንም የሚቀዳው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። መኪና ሲመጣ ሰው የሚባረር ከሆነ ትምህርታችን ጐደሎ ነው። የሜዳውን ጕድጓድና ድንጋይ፣ ጭቃ የሚይዘውንም ስፍራ ከአትክልተኛችን የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ መኪናውን መንዳትና መጠበቅ ሊማሩ የሚገባቸው እሳቸው ናቸው። ለመኪናው ከሚመደበው ገንዘብ ጥቂቱ ለሥልጠናቸው ቢውል ከብክነት አይቈጠርም። መኪናው ሣሩን ከታትፎ ስለሚጥለው ለከብት መኖ አይመችም፤ በአጥሩ ዳር ያለው ሣር ግን እንደ ቀድሞው ለማጭድ ቢተው፣ ከግቢያችን ሣር እየወሰዱ ላም የሚያረቡ ጐረቤቶቻችንም አይጐዱም። መሬቱን ለክቶ የገዛ፣ ሰዓቱን ጽፎ የጠበቀ፣ ሠራተኛውንም ያከበረ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ የገዛውን መኪና ከብዙ ዓመት በኋላ ለሚመጡ ተማሪዎች ያወርሳል።