ሙዚቃ ስንለዋወጥ ቅኝቱንም እንለዋወጥ

ተማሪ ባለበት ሁሉ የሙዚቃ ልውውጥ አለ። ድሮ በካሴት ነበር፣ ቀጥሎ ሲዲና ፍላሽ መጣ፣ ዛሬ በስልክ መላላክ ሆኗል። ጥያቄው ግን ያው ነው፦ «ማንን ነው የምትሰማው?» መልሱ የዘፋኝ ስም ወይም «ሬጌ»፣ «ባህላዊ»፣ «ጃዝ» የሚል ይሆናል፤ ወሬውም ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ያልቃል። ባህላዊ የሚወደው ጃዙን «የፈረንጅ ነው» ብሎ ይተወዋል፤ ጃዝ ወዳዱ ደግሞ ባህላዊውን ለሠርግ ብቻ ያስቀምጠዋል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ እኛ ደሴና ኮምቦልቻ የምንማር ልጆች ከዚህ የተሻለ መንገድ አጠገባችን እንዳለ ነው። እሱም ቅኝት ነው።

ቅኝት ማለት አንድ ዜማ የሚመላለስባቸው የተመረጡ ድምፆች ስብስብ ነው። በብዛት የሚታወቁት አራቱ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለችው የገበያ ከተማ ስም ነው፤ አምባሰል ደግሞ ከደሴ በስተሰሜን ነው። ክራር ተጫዋች ቅኝት ሲቀይር ክሮቹን እንደገና ይቃኛል፤ ዋሽንት ነፊ ደግሞ ሌላ ዋሽንት ያነሳል።

ነገሩን በጆሮ ለማረጋገጥ ኪቦርድ ወይም ስልክ ላይ የሚጫን የፒያኖ አፕ ይበቃል። ነጮቹን ብቻ እንንካ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለን ዶ ላይ ብናርፍ ሜጀር ትዝታ ይወጣል። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ይዘን ማረፊያችንን ላ ላይ ብናደርግ ማይነር ባቲ ይሆናል። እንደዚሁ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ብለን ላ ላይ ስናርፍ ማይነር ትዝታ ነው፤ ማረፊያው ሚ ሲሆን ግን አምባሰል ይሆናል። ድምፆቹ አልተለወጡም፣ የተለወጠው ቤታቸው ነው፤ ስሜቱ ግን ሌላ ነው። አንቺ ሆዬ በነጮቹ ብቻ አይገኝም፤ ጥቁርም መንካት ያስፈልጋል።

ይህን ካወቅን በኋላ የልውውጡ አጥር ይሰበራል። ማይነር ባቲ ብለን የነካናቸው አምስት ድምፆች የብሉዝ ጊታር ጀማሪ መጀመሪያ የሚለማመዳቸው ናቸው። ስለዚህ ብሉዝ ለሚወድ ጓደኛ ባቲ መላክ እንግዳ ነገር አይደለም። ድምፆቹ አንድ ሆኑ ማለት ግን ሙዚቃው አንድ ነው ማለት አይደለም፤ ምቱና የድምፅ አወጣጡ ይለያያል።

እኔ በበኩሌ ለማንም የምሰጠው ዝርዝር ይኸው። ከማሪቱ ለገሰ እጀምራለሁ፤ የወሎ ዜማ በድምፅ ምን ያህል እንደሚሠራ ከእሷ ይሰማል። ቀጥሎ ሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር አዋህዶ ኢትዮ ጃዝን የፈጠረ ሰው ነው። «የግሌ ትዝታ» እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የኢትዮፒክስ 4ኛ አልበም ውስጥ አለ፤ በ2005 ደግሞ በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ገብቶ ዓለም ሰምቶታል። ሦስተኛዋ በ2023 በ99 ዓመታቸው ያረፉት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናቸው፤ የእሳቸው ፒያኖ ለጥናት ሰዓት ጥሩ ነው። ከውጭ የማሊውን ጊታሪስት አሊ ፋርካ ቱሬን እጨምራለሁ። የወሎን መንዙማም አልተውም። መንዙማ ውዳሴና ጸሎት እንጂ ዘፈን አይደለም፤ ያንን አክብረን በአማርኛና በዓረብኛ፣ በድቤና በጭብጨባ የሚወርደውን ዜማ ማዳመጥ ለጆሮ ትልቅ ትምህርት ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ጨዋታ ብቻ አይደለም። ነገ ሬዲዮ ላይ ተቀምጠን ሙዚቃ የምናስተዋውቀው እኛ ነን። «አሁን ደግሞ ዘና የሚያደርግ ሙዚቃ እንጋብዛችኋለን» ብለን ብቻ ካለፍን፣ አድማጩ የሰማው አምባሰል ይሁን ባቲ ሳያውቅ ይቀራል። ስልኩም ቢሆን ትናንት የሰማነውን መስሎ የታየውን ነው ዛሬ የሚያቀርብልን፤ ከማሪቱ ወደ አሊ ፋርካ ቱሬ የሚያሻግረን ሰው ነው። ቅኝቶቹ በሰፈራችን ስም ተጠርተው እኛው የማናውቃቸው ከሆነ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ እንግዳ ሲጠይቀን ምን ልንመልስ ነው?

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ለጓደኛችሁ ሙዚቃ ስትልኩ ከዘፋኙ ስም ሥር ቅኝቱን ጻፉበት። እርግጠኛ ካልሆናችሁም ጥሩ ነው፤ ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ አብራችሁ ፈልጉ። በዶርም ውስጥ ከዚህ የሚሻል ክርክር አይገኝም።