ሐረር ከቤት ይጀምራል

ቅዳሜና እሁዳችሁ ነፃ ከሆነ፣ ሳይቸኩል አብሯችሁ የሚራመድ ጓደኛም ካላችሁ፣ ሐረር ሂዱ። በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል፣ ስፋቱ 48 ሄክታር ገደማ ቢሆን ነው። ከአንዱ በር ተነስቶ ሌላው በር ለመድረስ በእግር ብዙም አይፈጅም። ሁለት ቀን ሙሉ ዞራችሁበት ግን አይጠገብም። ለምን እንደማይጠገብ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ቀድማችሁ ካወቃችሁ ደግሞ የምታዩት ነገር እጥፍ ይሆናል። እኔና የልብ ጓደኛዬ ከዞርንበት ተነስቼ እስቲ ላስረዳችሁ።

መንገዱ ራሱ ታሪክ አለው። ከአዲስ አበባ ሐረር በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ለሁለት ቀን አይመከርም፤ በአውሮፕላን ድሬዳዋ ገብቶ ከዚያ በሚኒባስ መሄድ ይሻላል። ከድሬዳዋ እንደወጣችሁ የደንገጎ ዳገት ይቀበላችኋል። ጥምዝምዙን ስትወጡ ሙቀቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ጆሮ ይደፈናል። ይህን ዳገት ልብ በሉት፤ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ የተፈጠረችው በእሱ ምክንያት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራውን ማስወጣቱ ግን ከባድና ውድ ሆነ። ሐዲዱ ከግርጌው ቀረ፣ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከደረሰበት ሜዳ ላይም አዲስ ከተማ በቀለ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው)። ለዘመናት የአካባቢው ንግድ የሚያልፍባት ሐረር ከዋናው መስመር ውጪ ሆነች። ለነጋዴዎቿ ጉዳት ነው፤ ጀጎል መልኳን ይዛ እዚህ የደረሰችበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል። ከደንገጎ በኋላ ሐረማያን፣ ቀጥሎም በጫት ገበያዋ የታወቀችውን አወዳይን አልፋችሁ ሐረር ትገባላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ ልምጣ። አብዛኛው ጎብኚ ከግንቡ ወይም ከሙዚየም ይጀምራል። እናንተ ከቤት ጀምሩ። ጀጎል ውስጥ ቤታቸውን የእንግዳ ማረፊያ ያደረጉ የሐረሪ ቤተሰቦች አሉ፤ ቦታ ካገኛችሁ እዚያው እደሩ። ካልሆነም አስጎብኚ አንዱን ቤት ያስገባችኋል። ሐረሪዎች ጌ ጋር የሚሉት ይህ ቤት ከመንገድ ላይ ሲታይ ምኑም አይታወቅም፤ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥርና አንድ በር ብቻ ነው። በሩን ስታልፉ ግቢ ታገኛላችሁ፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ሌሎች በሮች አሉ። የውጪው በርና የቤቱ በር ፊት ለፊት አይተያዩም። በሩ ተከፍቶ ቢውል እንኳ አላፊ አግዳሚው የቤቱን ውስጥ እንዳያይ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

ጫማችሁን አውልቁና ግቡ። ወንበር የለም። ፊታችሁ የምታገኙት ከፍታቸው የተለያየ፣ ምንጣፍ የተነጠፈባቸው መደቦች ናቸው፤ አምስት ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም ስምና ባለቤት አላቸው። አሚር ነደባ የአባወራውና የከበረ እንግዳ መቀመጫ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው የሚገባውንና የሚወጣውን ያያል። ጊዲር ነደባ ትልቁ መደብ ሲሆን ሰው የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ጢት ነደባ አነስ ያለው ነው። ሱትሪ ነደባ ከዓይን ሸሸት ብሎ ለቤተሰቡ፣ በተለይም ለሴቶቹ የተተወ ነው። አምስተኛው ከበሩ ጀርባ ይገኛል። ማን የት እንደተቀመጠ በማየት ብቻ ቤቱ ውስጥ ያለውን የአክብሮት ቅደም ተከተል መረዳት ይቻላል። እኛ ስንገባ ጓደኛዬ ቀረብ ወዳላት መደብ ልትቀመጥ ስትል የቤቱ እመቤት “አይ ልጄ፣ እናንተ እንግዶች ናችሁ፣ ወደ ላይ ውጡ” ብለው ከፍ ካለው አስቀመጡን።

ከዚያ ግድግዳውን ተመልከቱ። ውስጡ ተቦርቡሮ የተሠሩ ትንንሽ መስኮት መሰል መደርደሪያዎች አሉ፤ መጽሐፍና ዕቃ ይቀመጥባቸዋል። ከዚያ በላይ ያለው ሙሉ በሙሉ በስፌት ተሸፍኗል። ስፌቶቹ ለቱሪስት የተሰቀሉ ጌጦች እንዳይመስሏችሁ። የሐረሪ ሴት ልጅ ስፌት የምትማረው በልጅነቷ ነው፤ በሰርጓ የሚሰጣትም የሚሰቀልበት ቦታና ሥርዓት አለው። እመቤቲቱ አንዱን አውርደው ለጓደኛዬ ሰጧት። አክርማው ላይ የተጠመጠመው ቀለም ያለው ስንደዶ እጅግ ከመጥበቁ የተነሳ ጥፍሯን በመካከሉ ልታስገባ ሞክራ አልሆነላትም። ቀዩ፣ አረንጓዴውና ወይን ጠጁ ከመሐሉ ተነስተው እየሰፉ ሲሄዱ መስመሩ አንድም ቦታ አልተዛነፈም። ለስፌቱ ሥራ እርሳስና ወረቀት አልነበረም፤ ቁጥሩ ሁሉ በሰፊዋ ራስ ውስጥ ነው።

ወለሉና የመደቦቹ ፊት ለምን ቀይ እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ ጨለንቆ ነው። በ1879 ዓ.ም. የአሚር አብዱላሂ ጦር በንጉሥ ምኒልክ ጦር ጨለንቆ ላይ ተሸነፈና የሐረር ነፃ አሚርነት አበቃ። በዚያ ቀን ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባል ይላሉ ሐረሪዎች። ኀዘኑን በየቤታቸው ወለል ላይ ይዘው የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ እዚያ ስትቀመጡ ይህን አውቃችሁ ተቀመጡ። በዚያው ቤት ግን የደስታም ማዕዘን አለ። ኪርታት የምትባለው ትንሽዬ ክፍል ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉባት ናት።

ቤቱን አይታችሁ ስትወጡ ከተማው ይገባችኋል፤ ጀጎል በጠቅላላ የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነውና። ውጪው ዝግ፣ ውስጡ ሰፊ። ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው ይባላል፤ ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር አሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሐረር የአዳል ሱልጣኔት መቀመጫ ነበረች። ከኢማም አሕመድ ጦርነቶች በኋላ ከተማዋ ሰውም ሀብትም ተመናምኖባት፣ በዙሪያዋም የሕዝብ እንቅስቃሴው በርትቶ ስለነበር አጥር አስፈለጋት። አምስት በሮች ተከፈቱላት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። መኪና የሚያስገባው ሰፊው ሐረር በር ከብዙ ዘመን በኋላ የተጨመረ ነው። ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ በ1847 ዓ.ም. በአንዱ በር ሲገባ ወደ ከተማዋ የገባ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እሱ እንደሆነ ጽፏል፤ አሥር ቀን ቆይቶ በሰላም ወጣ።

በግንቡ ውስጥ ያሉት መተላለፊያዎች ከ360 በላይ ናቸው ይባላል። ካርታ አትያዙ። መንገዶቹ ጠባብ የሆኑት መኪና ከመኖሩ በፊት ለእግርና ለአህያ ስለተሠሩ ነው፤ ጥበታቸው ጥላም ይሰጣል፣ እንግዳ ሰው ሲገባም ወዲያው ያስታውቃል። የእርቅ መንገድ የሚሏት አንዲት ቀጭን መተላለፊያ አለች፤ የተኳረፉ ሁለት ሰዎች ቢገናኙባት ሳይነካኩ ማለፍ አይችሉም። እኔና ጓደኛዬ ጎን ለጎን ለመሄድ ሞክረን ትከሻችን ግድግዳውን እየታከከ አንዳችን ከኋላ ቀረን። ስትጠፉ አትደንግጡ። ወደ ታች ከሄዳችሁ ግንቡ ያስቆማችኋል፣ ወደ ላይ ከሄዳችሁ ፈረስ መጋላ አደባባይ ትወጣላችሁ። እኛ በጠፋን ቁጥር የሆነ ልጅ “ወዴት ናችሁ? አቦ ኑ!” እያለ አሻግሮናል።

ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ የሚወርደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ልብስ ሰፊዎች የእግር መኪናቸውን በመንገዱ ግራና ቀኝ ደርድረው ይሰፋሉ፤ ጨርቁን ከጎኑ ካለው ሱቅ ገዝታችሁ ብትሰጧቸው አደባባዩን ዞራችሁ እስክትመለሱ ሰፍተው ይጠብቋችኋል። ጓደኛዬ በዚህ መንገድ ቀሚስ አሰፋች፣ ልኳንም በደንብ ይዞላታል። ወረድ ስትሉ ጊዲር መጋላ፣ ትልቁ ገበያ አለ። የሥጋ ተራው ላይ ጭልፊቶች ያንዣብባሉ፤ ቁራጭ ሥጋ ከፍ አድርጎ የያዘ ሰው ካለ ወርደው ከእጁ ላይ ነጥቀው ይሄዳሉ። ዘንቢል ይዛችሁ ከሆነ ሸፈን አድርጉት።

ሙዚየሞቹ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። የራምቦ ቤት የሚባለው ባለቀለም መስታወት ያለው የእንጨት ቤት በእርግጥ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ገጣሚው አርተር ራምቦ እዚያው ቤት ውስጥ ኖሯል ለማለት ያስቸግራል። ሐረር ውስጥ መኖሩ ግን እውነት ነው። በ1873 ዓ.ም. የቡናና የቆዳ ነጋዴ ወኪል ሆኖ መጣ፣ እየተመላለሰ ኖረ፣ በመጨረሻም ጉልበቱ ታሞ በቃሬዛ ወደ ባሕር ተወስዶ በ1884 ዓ.ም. ማርሴይ ላይ በ37 ዓመቱ ሞተ። ለእኔ ግን ከገጣሚው ይበልጥ የሚያስቆመው ግድግዳው ላይ ያለው የጥንቷ ሐረር ፎቶግራፍ ነው። የዛሬውን በር ከዚያ ዘመኑ በር ጋር እያስተያያችሁ ብዙ ልትቆዩ ትችላላችሁ። ጊዜ ካጠራችሁ ግን ራምቦን ዝለሉና የሸሪፍን ሙዚየም እዩ። በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ነው ያለው። አንድ የከተማው ሰው በግሉ ከየቤቱ መሰብሰብ የጀመረው ቅርስ ነው ሙዚየም የሆነው፤ በእጅ የተጻፉ ቁርአኖች፣ ሐረር ራሷ ያተመቻቸው ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦችና ጦር መሣሪያዎች አሉበት። የራሷ ገንዘብ የነበራት ከተማ መሆኗን በእጅ መዳፍ ከሚያዝ ነገር ላይ ማየት ደስ ይላል።

ሲመሽ ጅቦቹ አሉ። ሁሉም ሰው የሚያውቀው የምሽቱን ትርዒት ነው፤ መጋቢው ሥጋውን በአጭር እንጨት ላይ አድርጎ፣ አንዳንዴም እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ያበላቸዋል፣ ደፋር እንግዳም ይሞክራል። ሂዱ፣ ግን ከዚያ በፊት በቀን ግንቡን ስትዞሩ ከሥሩ ያሉትን ቀዳዳዎች ፈልጉ። የጎርፍ መውረጃ ናቸው፤ ማታ ማታ ጅቦች በዚያ ገብተው የሥጋ ተራፊና ቆሻሻ እየለቀሙ ያድራሉ፤ ከተማዋን ያጸዳሉ። በአሹራ ዕለትም ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ ከበሉት ዓመቱ መልካም ይሆናል ተብሎ ይታመናል። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ምሽቱ ላይ ጅቡ ትከሻችሁ አጠገብ ሲተነፍስ፣ ትርዒት ሳይሆን የቆየ ጉርብትና እያያችሁ እንደሆነ ይገባችኋል። ጓደኛዬ እጄን ጨምድዳ ይዛ ሥጋውን ዘረጋች። ጅቡ ቀስ ብሎ፣ እንጨቱን ሳይነካ፣ ሥጋውን ብቻ ወሰደ።

እሁድ ጠዋትን ለምግብ ተዉት። ፈጢራ በማር ወይም ፉል፣ ከዚያ ሻይ። ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ በወተት ጠይቁ፤ የቡና አገር ሰው ቅጠሉንም እንደማይጥል ታያላችሁ። ለቤት ሐላዋ፣ ከባቢሌ የመጣ ለውዝና የሐረር ቡና ግዙ። ጊዜ ካላችሁ በአሮጌ ፔጆ 404 ታክሲ ግንቡን በውጪ ዙሩ፤ እነዚህ መኪኖች ከተማዋ ውስጥ ስንት ዘመን እንዳገለገሉ ሾፌሩን ጠይቁት፣ በደስታ ያጫውታችኋል።

ቀኑን መምረጥ ከቻላችሁ ደግሞ ከረመዳን ኢድ በኋላ ያለውን ሳምንት ምረጡ። ስድስቱ የሸዋል ጾም ቀናት ሲያበቁ ሐረሪዎች ሸዋል ኢድን ያከብራሉ፤ ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም.፣ ይህን በዓል ደግሞ በ2016 ዓ.ም. መዝግቧቸዋል። ሌሊቱን ዝክርና ከበሮ ነው፣ ወጣቶቹ ተውበው ይወጣሉ፣ ለትዳር የሚተያዩትም ያኔ ነው። ማረፊያ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀድማችሁ ያዙ፤ ስትደውሉም መደብ ያለበት ቤት እንደምትፈልጉ ንገሯቸው።