የቤታችንን የውጭ ግድግዳ በራሳችን እጅ፦ ስለ ቪኒል ሳይዲንግ ማወቅ ያለብን



አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ቤት የገዙ ወንድምና እህቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚገጥማቸው ችግር የውጭ ግድግዳ ነው። ልባሱ ተሰነጣጥቋል፣ ዝናብ ያስገባል። ሥራ ተቋራጭ ሲጠሩ ዋጋው ይከብዳል፤ «በየወሩ ክፈሉ» የሚለው አማራጭ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወለድ አለበት። ከሪባ ለመራቅ ብለን ቤቱ ሲበሰብስ ዝም ብለን ማየትም ንብረት ማባከን ነው። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ከሆነ ግን ሥራውን ተምረን በራሳችን ልንወጣው እንችላለን፣ ኢንሻአላህ።

ከመጀመራችን በፊት

መጀመሪያ የከተማውን አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ እንጠይቅ። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ በአሮጌው ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። አሮጌው ልባስ እንደ ሲሚንቶ ጠንካራና ተሰባሪ ከሆነ ደግሞ አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል በላቦራቶሪ ሳይመረመር አንንካው። በዓይን አይለይም፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። እዚህ ላይ የምንቆጥባት ገንዘብ ከልጆቻችን ጤና አትበልጥም።

ውሃ የሚከለክለው ከጀርባ ያለው ነው

ብዙዎች ሳይዲንጉ ራሱ ውሃ የሚከላከል ይመስላቸዋል። እሱ አብዛኛውን ዝናብ ይመልሳል፤ የተወሰነ ውሃ ግን በመጋጠሚያው ሾልኮ ይገባል። ስለዚህ በቅድሚያ የበሰበሰ ጣውላ ይቀየራል፤ ከዚያ ግድግዳው ውሃ በማያስገባ ልባስ ይሸፈናል። ልባሱ ከታች ወደ ላይ ይነጠፋል፤ የላይኛው የታችኛውን መደረብ አለበት። በመስኮትና በበር ዙሪያ ውሃ ወደ ውጭ የሚያወጣ ቆርቆሮ ወይም ተለጣፊ መከለያ ይደረጋል። ይህን የዘለለ ሰው ከዓመታት በኋላ የሚያገኘው ሻጋታ ነው።

ይንጠለጠላል እንጂ አይጣበቅም

የሥራው ቁልፍ ይህ ነው። አገር ቤት ጭቃ ስንመርግ ጠበቅ አድርገን እንጭናለን፤ ቪኒል ግን ተቃራኒው ነው። በሙቀት ይረዝማል፣ በብርድ ያጥራል። 12 ጫማ ተኩል ርዝመት ያለው አንድ ፓነል ግማሽ ኢንች ወይም ከዚያ በላይ ሊለዋወጥ ይችላል። መፈናፈኛ ከከለከልነው በበጋ ይጣመማል። ስለዚህ፦

• የማይዝግ ምስማር በቀዳዳው መሃል ይመታል፤ ጫፍ ላይ አይመታም።
• በምስማሩ ራስና በፓነሉ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል። ፓነሉን በእጅ ስንገፋው ወደ ግራና ቀኝ መንሸራተት አለበት።
• ምስማሮቹ ቢበዛ በየ16 ኢንቹ ይሁኑ፤ ጠንካራ እንጨት ውስጥም ይግቡ።
• በማዕዘንና በመስኮት ዳር ሩብ ኢንች ክፍተት ይተው፤ ብርዱ ከበረታ ትንሽ ይጨመር።
• ፓነሉን ፊት ለፊት በምስማር መቸንከር ፈጽሞ አይገባም።

ቅደም ተከተሉ

በቤቱ ዙሪያ በውሃ ልክና በክር ቀጥ ያለ መስመር እናስምር። የመጀመሪያው ረድፍ ከተዛባ እስከ ጣሪያ ድረስ ሁሉም ይዛባል። በመስመሩ ላይ የመነሻውን ዘንግ፣ ከዚያ የማዕዘኖቹን ክፈፍ፣ ቀጥሎ በመስኮትና በበር ዙሪያ ጄ ቻናሉን እንግጠም። ከዚያ ፓነሎቹን ከታች ጀምረን እያንዳንዱ «ቀጭ» ብሎ እስኪቆለፍ ድረስ ወደ ላይ እንቀጥል፤ ወደ ላይ ወጥረን ግን አንቸንክር። ሁለት ፓነል ሲገናኝ አንድ ኢንች ያህል ይደራረብ፤ መጋጠሚያዎቹም በአንድ መስመር ላይ አይሁኑ።

የማንደፍረው

ሁለተኛ ፎቅና ከዚያ በላይ፣ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ያለ ግድግዳ ለባለሙያ ይተው። መሰላል ላይ ብቻችንን አንሥራ። ሥራው ካለቀ በኋላም የከሰል ወይም የጋዝ መጥበሻ ከግድግዳው እናርቅ፤ ቪኒል በሙቀት ይቀልጣል።

አገር ቤት በደቦ ቤት ይሠራል። እዚህም ሁለትና ሦስት የመስጂድ ወንድሞች በየተራ የአንዳቸውን ቤት ቢያግዙ ድካሙ ይቀላል፣ ወንድማማችነቱም ይጠነክራል። ሥራን አሳምሮ መሥራት ዲናችን የሚወደው ነገር ነው፤ ከጀርባ ያለውና ማንም የማያየው ልባስ ላይም ቢሆን። አላህ ቤቶቻችንን የሰላምና የበረካ ያድርግልን። አሚን።